ፕላስተር የታሰረበት እጅ

በአምስተኛው የበረዶ ሆኪ የፍጻሜ ጨዋታ ኦሬስት ማልኮ ከሜዳው ግድግዳ ሥር ወድቆ ሰው ሲከመርበት፣ ከተቃራኒው ቡድን ዌንደል ክራን ከተከመሩት አንዱ ነበር። ዱላ ይሰበራል፣ ጓንት ይወረወራል፣ ጥርስ የረገፈበት አፍ ሁሉ የእናት ስድብ ያዘንባል። ዌንደል በክርኑ የአንዱን ማንቁርት፣ በጉልበቱ የሌላውን ወገብ ተጭኖ ሳለ ከክምሩ ሥር አንድ ድምፅ ጆሮው ገባ። ጩኸት አልነበረም፤ ኦሬስት አይጮህም። ከባድ ጆንያ ከትከሻው እንዳወረደ ሰው በአፍንጫው አንድ ረጅም ትንፋሽ ነው የሚለቀው። ያንን ትንፋሽ ለይተው የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ሚስቱ ሉባ፣ ሁለተኛው ዌንደል። ትንፋሹ ከተሰማ ከኦሬስት ገላ አንድ አጥንት ሄዷል ማለት ነው።

ዳኞቹ ሰዉን በማሊያው እየጎተቱ ሲያነሱ ኦሬስት ሁለቱንም እጆቹን ሆዱ ሥር ሸጉጦ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ተነሣ፣ ደም የቀላቀለ ምራቁን በረዶው ላይ እንትፍ አለ፣ ማንም ሳይደግፈው ወደ መልበሻ ክፍል ወጣ። የኖርጌት ሕዝብ ለጀግናው አዳራሹን በጭብጨባ አናወጠው። የተጎዳው የትኛው እጁ እንደሆነ ግን ያየ ሰው አልነበረም።

በፍጻሜ ሰሞን ቁስል ምስጢር ነው። ጋዜጠኛ ቢጠይቅ መልሱ «ከወገብ በላይ» ወይም «ከወገብ በታች» ብቻ ነው፤ ከዚያ አልፎ የተናገረ ሰው ራሱን በገዛ እጁ አርዶ እንደማቅረብ ይቆጠርበታል። ተቃራኒው ወገን የተሰበረችውን አጥንት ካወቀ ኳስ ፍለጋ አይደክምም፤ እሷኑ ነው የሚፈልጋት። ክፋት አይደለም፣ ሥራ ነው ይላሉ። ክፋትም ሥራ ሲሆን ደመወዝ ይቆረጥለታል።

ዌንደልና ኦሬስት ከዚያ በፊት በአንድ ማሊያ፣ ለዴልመር ቡድን፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ሆነው ዘጠኝ ዓመት ተከላክለዋል። በካናዳ፣ በሰስካችዋን ሜዳ፣ ከእህል ጎተራና ከበረዶ በቀር ዓይን የሚያርፍበት ነገር በሌለበት አገር፣ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ሲንከራተቱ አንድ የሞቴል ክፍል፣ ብዙ ጊዜም አንድ ጠርሙስ ተካፍለዋል። የዌንደል መንጋጋ ተሰብሮ በሽቦ በታሰረ ጊዜ ሾርባውን በቀሰም ያጠጣው ኦሬስት ነው። የኦሬስት ቅንድብ ያለ ማደንዘዣ ሲሰፋ ራሱን ጠምዶ የያዘው ዌንደል ነው። ሁለቱም ጎል አግቢ ተብለው አያውቁም። ሥራቸው ጎል የሚያገባውን ሰው መምታት ነበር፣ እሱንም አሳምረው ይሠሩት ነበር። ትልቁ ሊግ አንድም ቀን ስማቸውን ጠርቶ አያውቅም። ከዚህ በኋላ ምን ትሠራላችሁ ቢባሉ ደግሞ ሁለቱም መልስ አልነበራቸውም።

በፕላስተር ማታለል የጀመሩት ገና በሁለተኛው ዓመታቸው ነው። የዌንደል የግራ ጎድን ተሰነጠቀ። ኦሬስት ነጭ ፋሻ አመጣና ዌንደልን በቀኝ በኩል ጠቀለለው፤ ቀጥሎም የመልበሻ ክፍሉን በር ብርግድ አድርጎ፣ የተቃራኒው ቡድን ሰዎች በኮሪደሩ ሲያልፉ ጠብቆ፣ «ቀስ! ቀስ በል! ጎድኑን እንዳትነካው!» እያለ ይጮህ ጀመር። ያን ሰሞን የዌንደልን ቀኝ ጎን እንደ እባብ ቀጠቀጡት። ጤነኛው ጎኑ እንደ ከሰል ጠቆረ፣ የታመመው ግን በሰላም ዳነ። እየሳቁ ሌላ ጠርሙስ ከፈቱ። ከዚያ ወዲያ ሕጋቸው ሆነ፤ የቆሰለው ይደበቃል፣ ጤነኛው ይታሰራል። ይህን ለማንም አልነገሩም፤ ለገዛ አሠልጣኛቸውም ጭምር።

ኦሬስት የተሸጠው ባለፈው ጥር ነው። አውቶቡሱ ነዳጅ ሊሞላ በቆመበት አሠልጣኙ ጉስ ፔነር ጠራውና ዕቃውን እንዲያወርድ ነገረው፤ የኖርጌት ቡድን መኪና ልኮ ይወስደዋል ተባለ። ዌንደል በመስኮት አየው፤ ዱላዎቹን ታቅፎ በረዶው ውስጥ ተገትሯል። እጁን አነሣለት። አውቶቡሱ ሄደ። ዌንደል ከዚያ በኋላ አልደወለም። የተሸጠ ሰው የውድድሩ ዓመት እስኪያልቅ ድረስ እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ደንቡ ይህ ነው። በውድድር መካከል የጠላት ማሊያ ከለበሰ ወዳጅ ጋር ስልክ መነጋገር ነውር ነው። «ዓመቱ ይለቅና እደውላለሁ» አለ ዌንደል በልቡ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይነቅዛል እንጂ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው እንግዲህ ሁለቱ ቡድኖች ፍጻሜ ላይ የተገናኙት። ዴልመር ሦስት ጨዋታ አሸንፏል፣ ኖርጌት ሁለት። ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ስድስተኛው ጨዋታ በዴልመር ሜዳ ነበር።

በጨዋታው ዕለት ጠዋት፣ ኖርጌቶች ሊለማመዱ ሲገቡ፣ ዌንደል ከላይ ባዶ ወንበሮቹ መሀል ተቀምጦ ይመለከት ነበር። ኦሬስት መጣ። የቀኝ እጁ አንጓ እስከ ክርኑ ድረስ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልሎ ከሩቅ ያበራል። ዌንደል የፈገግታው ጫፍ አመለጠው። «አይ አንተ!» አለ ለራሱ። ከዚያ ግራውን ማየት ጀመረ። ኦሬስት የውኃ ጠርሙስ በግራው አነሣ፤ ጠርሙሱ ከጣቶቹ ሾለከና ወደቀ። ዙሪያውን ገልመጥ አለና በቀኙ አነሣው። የሜዳውን በር የከፈተው በቀኙ ነው። ሲቆም ግራ እጁን እንደ ታመመ ጫጩት ሆዱ ላይ ያስጠጋታል። በቃ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ግራው ነው የተሰበረው። ዌንደል ይህን ሲያይ ከአጠገቡ ወርዶ ጠርሙሱን ሊይዝለት ቃጣው። ኦሬስት ቀና ብሎ ወደ ወንበሮቹ ተመለከተ። ተያዩ። ኦሬስት ሰላም ሳይለው ፊቱን አዞረ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉስ ፔነር ዌንደልን ወደ ክፍሉ አስጠራው። ጉስ ድሮ እሱ ራሱ ተጫዋች ነበር፤ ዌንደል ለጋ ሳለ አንድ ዓመት አብረው ተሰልፈዋል። አሁን ጉበቱም ጉልበቱም አልቆ ምላሱ ብቻ ቀርቷል። ከእሱ ጋር ሊንደን ተቀምጧል፤ የቡድኑ ደብዳቢ፣ «ትራክተሩ» የሚሉት፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለጠ ቅርፊቱን ወለል ላይ ይተፋል።

«ማልኮ ተሰብሯል» አለ ጉስ።

«ከወገብ በላይ ነው ብለዋል፣ ኮች» አለ ሊንደን እየሳቀ።

«አንተ ዝም በል። ከወገብ በላይ የሌለህ ሰውዬ!» ጉስ ወደ ዌንደል ዞረ። «ቀኙን አስሯል። እኔ ግን ያ ሰው ቀበሮ መሆኑን አውቃለሁ። ከሚስቱ ይልቅ ከአንተ ጋር ነው ያደረው። ንገረኝ፤ የትኛው ነው?»

የቡድኑ ካፒቴን ዌንደል ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ደመወዝ መቀበል ከጀመረ ወዲህ አንድም ዋንጫ አንሥቶ አያውቅም፤ ዋንጫ የሚመስል ነገር የያዘው በሊንደን ሠርግ ላይ የኬክ ማቆሚያ ሲያቀብል ብቻ ነው። ይህ የመጨረሻ ዓመቱ ሊሆን እንደሚችል ጉልበቶቹ በየማለዳው ይነግሩታል። እውነቱን ከተናገረ ሊንደን ያንን ግራ እጅ ከክርኑ በታች ያስቀረዋል፤ ኖርጌት ያለ ኦሬስት ባዶ ነው፤ ዋንጫው እዚህ ይቀራል። ኦሬስትም ሦስት ልጆቹን ይዞ አውላላ ሜዳ ላይ ይቀራል። ይህን ሁሉ ለማሰብ የፈጀበት ጊዜ ምራቅ ከመዋጥ አይበልጥም።

«ቀኙ ነው» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ማልኮ ሰነፍ ነው። ጤነኛ እጅ ላይ ፕላስተር አያባክንም።»

ሊንደን ሳቀ። ጉስ አልሳቀም። «ብትዋሸኝ፣ ዌንደል፣ ይቺን ማሊያ በጥርስህ ነው የማስወልቅህ» አለው። «ያውም በቀረችህ ጥርስ።»

ጨዋታው ተጀመረ። ተጀመረ ማለት ይከብዳል፤ ተፈታ ነው የሚባለው፣ ሰንሰለቱን እንደበጠሰ ውሻ። ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንድ የኖርጌት አጥቂ በግንባሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሁለት ጥርሱን ከግድግዳው በላይ ካለው መስተዋት ሥር ጥሎ ሄደ። የዴልመር በረኛ የፊቱ መከላከያ ላይ በዱላ ተመትቶ ለአፍታ የት እንዳለ ጠፋበት። ሊንደን የመታውን ሰው ሳይሆን ከአጠገቡ የቆመውን አንቆ ደበደበ፤ «ሁሉም አንድ ናቸው» አለ የተቀጣ ተጫዋች ለጥቂት ደቂቃ ወደሚቀመጥበት ሳጥን ሲሄድ፣ የተሰነጠቀ እጁ ደም እያንጠባጠበ። የበረዶ መጥረጊያው ሰውዬ በየእረፍቱ እየወጣ ቀዩን በአካፋ ይዝቃል።

በዚህ ሁሉ መሀል የዴልመር ሰዎች አንድ ሥራ ተሰጥቷቸዋል፤ የኦሬስት ቀኝ አንጓ። በዱላ ጫፍ ይወጉታል። በዱላው ጠፍጣፋ አፍ ይፈልጡታል። ወደ ግድግዳው ሲያጣብቁት እጁን በጣውላውና በዳሌያቸው መሀል አድርገው ይፈጩታል። ሊንደን ከቅጣት በተመለሰ ቁጥር ቀጥታ ወደዚያ ነው። ኦሬስት በተመታ ቁጥር ፊቱ ይጨማደዳል፣ ቀኝ እጁን ያራግፋል፣ አንድ ጊዜም ዱላውን ለቀቀ። ዌንደል ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆኖ ይህን እያየ ሳቁን ማፈን አቃተው። እንዴት ያለ ተዋናይ ነው! ሲያመው እንኳ እንዲህ ፊቱን ከስክሶ አያውቅም። «ምታው፣ እዚያው ምታው!» እያለ ከሁሉም በላይ ይጮህ የነበረው ዌንደል ነው፤ በጮኸ ቁጥር የወዳጁን ግራ እጅ ያዳነ እየመሰለው።

አንደኛው ክፍለ ጊዜ ያለ ጎል አለቀ። መልበሻ ክፍል ሲገቡ ጉስ በሩን በእግሩ ዘጋው።

«ይሄ ሰውዬ አሁንም ይጫወታል!» አለ። «ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቀጥቅጠነው አሁንም ኳስ ያቀብላል! የተሰበረ እጅ እንዲህ ይሆናል?»

«ኮች፣ እኔ ዱላ ሰብሬበታለሁ» አለ ሊንደን። «ብረት ነው የመታሁት የሚመስለኝ። ዌንዲ ተሳስቷል። ወይ ደግሞ ለወዳጁ እያዳላ ነው። ግራውን ልሞክርለት? አንድ ጊዜ ብቻ። ካልሆነ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

ሁሉም ዌንደልን አየው። ጉስም አየው፤ ያንን ማሊያ ዓይኑ ከላዩ ላይ ገፎ ጨርሷል።

«ማንም ግራውን እንዳይነካ» አለ ዌንደል ተነሥቶ። «ጉልበታችሁን በከንቱ አትጨርሱ። መምታት አትችሉማ! እንደ ሴት አያቴ እየዳሰሳችሁት ነው። እኔ አሳያችኋለሁ። አንድ ጊዜ። ቀኙ መሆኑን በዓይናችሁ ታያላችሁ።»

ሐሳቡ ይህ ነበር፤ ቀኙን አንዴ አደባባይ ላይ በሁለት እጁ ይመታዋል። ኦሬስት ወዲያው ይገባዋል፤ ዘጠኝ ዓመት በዓይን ጥቅሻ ሲግባቡ ኖረዋል። ይወድቃል፣ ይንፈራገጣል፣ ይጮሃል፣ ከዚያ ወጥቶ ያርፋል። ጤነኛ አንጓ ቢያብጥ በሳምንት ይድናል። ሊንደንም ያምናል፣ ጉስም ያምናል፣ ግራው ይተርፋል። የዌንደልን ልብ የዚህ ብልሃት ኩራት ሞላው። ሞኝነት ሁልጊዜ ብልሃት መስሎ ነው የሚመጣው።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እንደተጀመረ በዴልመር ጥግ በኩል ጨዋታ ቆመ። ዳኛው እስኪመጣ ተጫዋቾቹ ተጠጋግተው ቆሙ። ዌንደል ከኦሬስት ፊት ለፊት ሆነ። ከጥር ወዲህ እንዲህ ተቀራርበው አያውቁም። የኦሬስት ከንፈር ተሰንጥቋል፣ የግራ ዓይኑ ሥር አብጧል፣ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። ዌንደል ጠቀሰው። እንደ ድሮው፣ በቀኝ ዓይኑ፣ ቶሎ። ኦሬስት ጥቅሻውን አየ፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም አልተንቀሳቀሰም።

ዳኛው ኳሷን በመሀላቸው ጣላት። ኦሬስት ወደ ግድግዳው ተንሸራቶ ዱላውን ዘረጋ። ዌንደል ከኋላው ደረሰ፣ ዱላውን እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው በሁለት እጁ ከትከሻው በላይ አነሣ፣ ነጩን ፕላስተር ለየና አወረደው።

ድምፁ መጀመሪያ የመጣው ከአጥንቱ ነው፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው። ቀጥሎ ደግሞ ያኛው ድምፅ መጣ። ኦሬስት በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ።

ዌንደል እዚያው ደረቀ። ጩኸት ነበር የጠበቀው፤ ቢጮህ ውሸት መሆኑን ያውቅ ነበር። ኦሬስት በጉልበቱ ወረደ፣ ጓንቱን በጥርሱ ስቦ አወለቀ። እጁ ከአንጓው በታች ሊሆን በማይችልበት አቅጣጫ ዞሮ ተንጠልጥሏል፤ በፕላስተሩ መሀል ነጭ ያልሆነ፣ ሹል ነገር ገፍቶ ወጥቷል፤ ደሙ ጣቶቹን ተከትሎ በረዶው ላይ ይንጠባጠባል። ከመቀመጫዎቹ ላይ የዴልመር ሕዝብ ተነሥቶ እልል አለ።

«ቀኙ ነው! አላልኩም! ቀኙ ነው!» እያለ ሊንደን ከወንበሩ ላይ ይዘላል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዌንደል በደንብ አያስታውስም። አንድ ቁመቱ የበር መቃን የሚያህል የኖርጌት ተጫዋች ከጀርባው መጣና የራስ ቁሩን ከራሱ ላይ ነቀለው። ዌንደል እጁን አላነሣም። የመጀመሪያው ቡጢ አፍንጫውን ሰበረው፤ ሁለተኛው ቅንድቡን ተረተረው፤ ከዚያ ወዲያ መቁጠር የሚችል ሰው አልነበረም። ሜዳው ቀውጢ ሆነ። በረኞቹ እንኳ ከየጎላቸው ወጥተው ተናነቁ። ዌንደል በጀርባው ተዘርግቶ፣ ያ ሰውዬ ደረቱ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ሲወቅጠው፣ «ምታ፣ ምታ» ይል ነበር በደም በተሞላ አፉ። ሰውዬው ስድብ መስሎት ጨመረለት። ዳኛው ሲያላቅቃቸው ዌንደልን ከጨዋታው አባረረው።

የዴልመር አዳራሽ አሮጌ ነው፤ ከመቀመጫዎቹ ሥር ያለው ኮሪደር ሕዝቡ እግሩን ባነሣና በጣለ ቁጥር አቧራ ያራግፋል። የሐኪሙ ክፍል በር ክፍት ነበር። ኦሬስት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ክንዱ በእንጨት ተደግፎ ደረቱ ላይ ታስሯል፤ ፊቱ የሻማ መልክ ሆኗል። ሐኪሙ አምቡላንሱ የት እንደደረሰ ሊጠይቅ ሲወጣ በሩ ላይ ዌንደልን አገኘው።

«እንዴት ነው እጁ?» አለ ዌንደል።

«ከቀናው ማንኪያ ይይዝበታል» አለ ሐኪሙ፤ የዌንደልን ፊት አይቶ «አንተም መሰፋት አለብህ» ብሎ አለፈ።

ዌንደል ገባ። መቀመጥ አልደፈረም። ከአፍንጫው የሚወርደውን ደም በማሊያው እጅጌ ይጠርጋል። ከላይ ሕዝቡ ጮኸ፤ አንዱ ጎል አግብቷል።

«የእናንተ ናት» አለ ኦሬስት፣ ጩኸቱን አዳምጦ። ቀጥሎ «መታኸኝ ብዬ አላዝንብህም፤ ሥራህ ነው» አለ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?»

«ቀኙ ነው አልኳቸው።»

«ቀኙ?»

«ፕላስተር የታሰረበት! ግራህ መስሎኝ ነዋ፣ ኦሬስት! የምናስረው ጤነኛውን አይደል? ጠዋት ጠርሙሱ ከግራህ ሲወድቅ አይቼ… ግራህን እንዳይነኩብህ ብዬ ነው የዋሸሁት። ሊንደን ግራውን ልምታ ሲል እኔ ቀደምኩ። ታስመስላለህ ብዬ እኮ ነው። ጠቀስኩህ!»

የኦሬስት ዓይኖች ከዌንደል ፊት ላይ ተነሥተው ግድግዳው ላይ፣ ከግድግዳው ወደታሰረው ክንዱ ሄዱ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነበር፤ ሳቁ አጥንቱን ሲነካው ደግሞ ፊቱ ይኮማተራል፤ እያነቡ እስክስታ ማለት ይህ ነው።

«ጠርሙሱን የጣልኩት ለአንተ ነው» አለ። «ሆን ብዬ። ከላይ ተቀምጠህ አይቼሃለሁ። ፕላስተሩን ለሌላው ሰው አላሰርኩትም፣ ለአንተ ነው ያሰርኩት። ዌንደል ጤነኛውን እንደምናስር ያውቃል፣ ለጉስ ግራው ነው ብሎ ይነግረዋል፣ ግራዬን ሲቀጠቅጡ ይዋሉ፣ ግራዬ ይችላል አልኩ። የተሰበረውን እጄን አስሬ፣ ጥርሴን ነክሼ በእሱ በር እየከፈትኩ፣ ፊትህ አንከረፈፍኩት።»

ዌንደል በሩን ተደገፈ። ከጥፋቱ ጸጸት ሥር ግን ሌላ ነገር ፈላ፣ ንዴት።

«አሳልፌ እሰጥሃለሁ ብለህ ነው?» አለ። «እኔ? ዘጠኝ ዓመት አንድ ክፍል አድረን? ሾርባ በቀሰም አጠጥተኸኝ? እኔ ለጉስ አንተን የምሸጥ መሰለህ?»

«ምን ይምሰለኝ? በረዶ ላይ ትተኸኝ ሄድክ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልሰማሁም።»

«ደንቡ ነዋ! የተሸጠ ሰው ጋ አይደወልም። አንተስ ደወልክ?»

«አልደወልኩም» አለ ኦሬስት። «ደንቡማ ነው።»

ከላይ እግር ይንጋጋል፣ አቧራው ይወርዳል። ዌንደል «ይቅርታ» ለማለት አፉን ከፈተ፤ ቃሉ እንኳን ለእጅ ለተረገጠ ጫማም የሚያንስ ሆኖ ታየው። ቢሆንም አለው።

«ለየትኛው?» አለ ኦሬስት።

«እንዴት ለየትኛው?»

«ብትከዳኝ ኖሮ እጄ ይተርፍ ነበር። ገባህ? እንደ ሌላው ሰው ወራዳ ብትሆን ኖሮ አሁን እላይ እየተጫወትኩ ነበር። ለታማኝነትህ ነው ይቅርታ የምትለኝ? ወይስ እኔ ነኝ ልጠይቅህ የሚገባኝ፣ ወራዳ አድርጌ ስለቆጠርኩህ? ለሉባ ምን ልበላት? ዌንደል ስለሚወደኝ ሰበረኝ ልበላት?»

ዌንደል በሕይወቱ ሙሉ በቡጢ ያልመለሰው ጥያቄ አልገጠመውም፤ ይሄኛው የሚመታ ፊት አልነበረውም። ወደ ጠረጴዛው ተጠጋና ከኦሬስት ጎን ተቀመጠ። ከአንዱ አፍንጫ፣ ከሌላው ክንድ የሚንጠባጠበው ደም ወለሉ ላይ ተገናኘ። ትከሻቸው ተነካክቶ እንደተቀመጡ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ገባ፤ አምቡላንሱ ግን አልደረሰም፤ መንገዱን በረዶ ዘግቶታል ተባለ። ኦሬስት አንድ ጊዜ ራሱን ስቶ ሲያዘነብል ዌንደል ደግፎ ያዘው። ሲነቃ ራሱን ከትከሻው ላይ አላነሣም።

የመጨረሻው ጥሩምባ ተነፋ። አዳራሹ ከሥር መሠረቱ ተናወጠ። ከአፍታ በኋላ ሊንደን በበረዶ ጫማው ሲሚንቶውን እያንኳኳ፣ ግንባሩ ተተርትሮ፣ ጥርሶቹ መሀል ደም ሞልቶ፣ እንደ ሕፃን እያለቀሰ መጣ።

«ካፒቴን! አሸነፍን! ዋንጫውን ያለ አንተ አይሰጡንም። ውጣ!» ቀጥሎ ኦሬስትን አየው። እንደ ልማዳቸው ሊጨብጠው ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ የታሰረውን ክንድ ሲያይ አፍሮ መለሰው። «ጥሩ ተጫወትክ፣ ማልኮ። ቂም አትያዝብኝ።»

«ጥሩ ትመታለህ፣ ትራክተር» አለው ኦሬስት።

ሊንደን ወጣ። ዌንደል ከተቀመጠበት አልተነሣም።

«አልሄድም» አለ። «ይውሰዱት። አልፈልገውም።»

ኦሬስት ቀና አለ። በግራ እጁ፣ በዚያች ጤነኛ እጁ፣ የዌንደልን ማሊያ አንገቱ ሥር ጨምድዶ ያዘና ፊቱን ወደ ፊቱ ሳበው። ዌንደል ሊመታው መስሎት ዓይኑን ጨፈነ፤ ቢመታው በወደደ።

«ውጣና አንሣው» አለው ኦሬስት። «ከፍ አድርገህ፣ በሁለት እጅህ። ካላነሣኸው ለምን ሰበርከኝ?»

ዌንደል ወጥቶ አነሣው።